ካስማ ያልያዘው መሬት

ደላዊት ካስማውን ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ የሰፈሯ ልጅ ሮቤራ መዶሻውን አነሳ።

«ጣቴን ብትነካ ዛሬ ድንኳኑ ላንተ ለቅሶ ነው የሚጣለው» አለችው።

«አርፈሽ ያዢ!»

አንዴ መታ። ክንድ የሚያህለው ብረት እስከ አንገቱ ጥልቅ አለ።

«አየሽ ጉልበት?»

«አትኮፈስ ባክህ! ትናንት አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘህ ስታለከልክ አይቼሃለሁ።»

ሮቤራ እልህ ይዞት ደገመው። ካስማው ጠፋ። ቆይቶ ከታች፣ በጣም ከታች፣ ውሃ ቦጭረቅ አለ። ከቀዳዳው የወጣ ቀዝቃዛ አየር የደላዊትን ፊት ዳሰሰው።

ቦታው ከጌጃ ሰፈር ዝቅ ብሎ ያለ፣ ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ካባ ነው። ካቻምና አንድ ተቋራጭ ሞላሁት ብሎ አፈር አለበሰው፤ ችግኝም ተተከለበት። ዛሬ ከወረዳ የመጡት ገምጋሚ መሬቱ አገግሟል ካሉ ለዕድሩ ይሰጣል፤ ድንኳኑም የሚተከለው ለርክክቡ ነው። የዕድሩ ንብረት ያዥ ደግሞ አባቷ ፍስሃ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳን አስፋልት ዳር ሲጣል፣ ሚኒባስ በሐዘንተኛ ላይ ጡሩንባ ሲነፋ ማየት አንገሽግሾት፣ ለዚህ ቦታ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቷል።

ገምጋሚው አቶ ኢዶሳ «ይሄ ጸድቋል፣ ይሄም ጸድቋል» እያሉ በችግኞቹ መሃል ያልፋሉ። አባቷ መሃል ላይ ምሰሶውን አቅፎ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«አባዬ! ካስማው ገባ!»

«ታዲያ እንዲገባ አይደል የሚመታው?»

«መሬት ዋጠችው ነው የምልህ! ከታች ውሃ አለ!»

«ደላዊት፣ ዛሬ እንኳ አፍሽን ሰብስቢልኝ» አለና በዓይኑ ወደ ገምጋሚው ጠቆማት።

ገባት። ከተናገረች የአባቷ ልፋት ገደል ገባ። ዝም ካለች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ፣ አራስ ሳይቀር፣ እዚህ ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ወደ ገምጋሚው ሄደች።

«ጋሼ፣ ችግኙስ ጸድቋል፤ ከሥሩ ያለውን አይተዋል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይምጡና ያዳምጡ።»

አቶ ኢዶሳ ቀዳዳው ላይ አጎንብሰው ጠጠር ጣሉ። ጆሯቸውን ሰጡ። ውሃው መለሰላቸው። ከንፈራቸው አመድ መሰለ።

«ሁላችሁም ውጡ» አሉ በቀስታ። «እንዳትሮጡ። እንዳትጠጋጉ።»

ቢጮኹ ይሻል ነበር። ሮቤራ ያ ሁሉ ጉራው ጠፍቶ፣ መዶሻውን እንዳቀፈ እንደ ድመት እየተራመደ ወጣ። ድንኳን ሊተክሉ የመጡት ሌሎቹም ተከተሉት። አባቷ ብቻ አልተነቃነቀም።

«ድንኳኑስ? የሰው ንብረት እኮ ነው! ልንቀለው…»

ከእግሩ ሥር ሳሩ እንደ አሮጌ ፍራሽ ረገብ አለ።

«አባዬ ና! ድንኳን ቢቀደድ ይሰፋል፤ አባት አይሰፋም!»

ምሰሶውን ለቀቀ። አንድ እግሩን አነሳ፣ ቆመ፣ ሌላውን አስከተለ። ደላዊት ከካባው ዳር ባለው አስፋልት ጫፍ ላይ ሆና እጇን ዘረጋችለት። ሲደርስላት ኮቱን ጨምድዳ ወደ ራሷ ጎተተችው።

ያኔ መሬቱ ከመሃል ሰረጎደ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ገባ። ችግኞቹ ግን አልወደቁም፤ ቆመው፣ ቅጠላቸው እንደለመለመ፣ ቀጥ ብለው ወደ ታች ወረዱ።

ጥፊ ጠብቃ ነበር። አባቷ ግን ጉድጓዱን ትቶ ሰዉን ያያል።

«ሁሉም ወጥቷል?»

«ሁሉም ወጥቷል አባዬ።»

«ደግመሽ እዪ» አላት ትከሻዋን ይዞ። «እባክሽ ልጄ፣ ደግመሽ እዪ።»