ደወል በማይደወልበት ዓርብ

እማሆይ ኤርሲሊያ በኡምብሪያ ኮረብታ ላይ ካለው ገዳም በር ተቀምጠው ነው ያረጁት። ጀርመኖች ጣሊያንን ከያዙ ወዲህ አንድ ሥራ ተጨመረባቸው፤ ወታደር ከመጣ ደወል መደወል። የመንደሩ ቄስ አባ ፋውስቶ ከአባቷ ጋር በድርቆሽ ጋሪ ደብቀው ያመጧት አይሁዳዊቷ ኤልዳ ቀን ቀን ወጥ ቤት ታግዛለች። ደወል ስትሰማ ወደ ፎቅ ሮጣ፣ ከትልቁ ቁም ሣጥን ጀርባ ባለችው ጓዳ፣ ታመው ከተኙት አባቷ ጋር ትሸሸጋለች።

«እማሆይ፣ ወታደር ሲያዩ እጅዎ አይንቀጠቀጥም?» ትላቸው ነበር።

«ሞኝ! እጄማ ለምዶታል፤ የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ።»

ፋሲካ ደረሰ። ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ ለጌታ ሐዘን ሲባል ደወል ዝም ይላል፤ በፈንታው የእንጨት ማንኳኪያ ይመታል። እመምኔቷ ግን ኤርሲሊያን ጠርተው፣ «ለወታደር ደውዪ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ብለዋቸዋል። እሳቸውም እሺ ብለዋል።

የስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ በሩ በሰደፍ ተደበደበ። የእማሆይ እጅ ብድግ አለና ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ቀን የሚያነሣውን የእንጨት ማንኳኪያ አነሣ። ቋ! ቋ! ቋ! ምነው ያን ጊዜ በደረቀ! ኤልዳ መነኮሳቱ ለጸሎት የተጠሩ መስሏት ድንቿን መላጧን ቀጠለች።

እማሆይ ያደረጉት የገባቸው ወታደሮቹ አልፈዋቸው ከገቡ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ደወሉን ቢደውሉት ምን ሊፈይድ?

ኤልዳን ክንዷን ጠምዝዘው አመጧት። «ብቻዬን ነኝ!» እያለች ትጮሃለች። «እነዚህ ጅል መነኮሳት ምን ያውቃሉ? ካቶሊክ ነኝ ብዬ አሞኘኋቸው!»

መኮንኑ ወደ እማሆይ ዞረ። «አንቺ አሮጊት፣ ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?»

እማሆይ «ልጄ ናት» ሊሉ ቃሉ አፋቸው ድረስ መጣ። ኤልዳ ዓይኗን አፈጠጠችባቸው። ፎቅ ላይ የተኙት አባቷ ትዝ አሏቸው።

«አላውቃትም» አሉ።

ወታደሮቹ ያገኙት በቅቷቸው ሌላ ሳይፈትሹ ሄዱ። እማሆይ ግድግዳውን እየተደገፉ ፎቅ ወጥተው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ገቡ።

«ኤልዳ ዛሬ ቆየችብኝ» አሉ ሽማግሌው።

እማሆይ ተንበርክከው ሁሉንም ነገሯቸው፤ እንጨቱን መምታታቸውንም፣ አላውቃትም ማለታቸውንም። ይረግሙኛል ብለው ጠበቁ። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ካፖርቷን ለብሳለች?» አሉ።

«አልለበሰችም።»

«ብርድ እኮ አትችልም» አሉ ሽማግሌው።