የጓድ ሣህሉ ልጅ ሳይክል

ሰው መስበር ሙያ ነው። የማያውቅበት ሰው ድንጋይ አንስቶ የልጁን ክንድ ይመታና አጥንቱን አድቅቆ ዕድሜ ልኩን ሽባ ያደርገዋል። እኔ ግን አሳምሬ ነበር የምሰብረው። ከሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት እስከ ሰማንያ ሁለት ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አራት ልጆች ጥያለሁ። አራቱም ግራ የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ ከብሔራዊ ውትድርና ቀርተዋል፤ አራቱም በሁለት ወራቸው ድነው ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጆንያ ሲሸከሙ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቶቻቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኛል። ምርቃቱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን አስዋሸኝ።

ሊበን እባላለሁ፤ ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ አንድ የከሰል ማንደጃ፣ አንድ አግዳሚና አንድ ሞርሳ ያለባት የቆርቆሮ ጎጆ ናት። ሞርሳ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ብረት ነክሶ የሚይዘው መንጋጋ ነው፤ እሱ ከሌለ ጠጋኝ የለም።

ዘዴዬ ይህ ነበር። የሳይክሉን የፊት ሹካ፣ ያንን ጎማውን ከሁለት በኩል አቅፎ የሚይዘውን፣ ከላይ አንገቱ ሥር በመጋዝ እቆርጠዋለሁ። የግራውን እግር ጠለቅ አደርገዋለሁ፣ ልጁ በግራው እንዲወድቅ፤ ቀኝ እጁ ለሥራው ይቆየዋል። ቁርጡን በሳሙና እሞላና ግራሶ እቀባበታለሁ። በደልዳላ መንገድ ሲነዳ ምንም የለም። ወደ ደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን ጎርፍ የቦረቦረው ጎድጓዳ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሹካው ይታጠፋል፣ ልጁ በእጁ ይወድቃል። እንደሚወድቅ ያውቃል፤ ቀኑን ግን አልነግረውም። ካወቀ ፍሬን ይይዛል፣ ፍሬን ከያዘ በጭንቅላቱ ይወርዳል። ይህንን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ሃሺ። በዚያ ዓመት አሥራ ስምንት ሞላው። ሚስቴ ቱሪያ ጠዋት ማታ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር።

«የኛንስ መቼ ነው የምትጥለው?»

«ስሙ የዘማቾቹ ዝርዝር ውስጥ የለም።»

«እስኪገባ ነው የምትጠብቀው? ለሰው ልጅ የሚደፍር እጅህ ለራስህ ልጅ ሲሆን ይሽመደመዳል፣ አይደል?»

እውነቷን ነበር። አንድ ቀን የሃሺን ሳይክል ገልብጬ መጋዙን ሹካው ላይ አሳርፌያለሁ። ሁለቴ ሳብኩና ተውኩት። ጭረቱን ጥቁር ቀለም ቀብቼ ሳይክሉን መለስኩለት። ለራሴም አንጀቴ አልችል ብሎ ነው አልኩት። አሁን ሳስበው ፈሪ ነበርኩ። ከአራቱ አንዱ፣ የሃዎ ልጅ ዓዋሌ ሲወድቅ እኮ ዳር ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

በሰማንያ ሁለት የካቲት ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሣህሉ ሳይክል እየገፋ ሱቄ መጣ። ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ድሬ ኖሮ ግን አፉ የኛው አፍ ሆኗል። የሚገፋው ሳይክል ከተማው ውስጥ ሁለተኛ የለውም። ጎማው የወፈረ፣ ለተራራ የተሠራ፣ የፊት ሹካው በሁለቱም እግሮች ውስጥ ምት የሚውጥ የብረት ሞላ የተቀበረበት። ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የገባ ነው። የኮንትሮባንድ ልብስ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ከምሮ ያቃጠለው ይኸው ሰው ነው፤ ጨርቅ ይቃጠላል፣ ሳይክል አይቃጠልም መሰለኝ።

«ዋረያ ሊበን፣ የሃዎን ልጅ የጣልከው አንተ ነህ» አለኝ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ።

«አላህ ነው የጣለው።»

«አቦ ተው! አላህ በመጋዝ አይቆርጥም። ሹካውን ከቆሻሻ ላይ አስነስቼ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ።»

እንዲህ ያለውን ሥራ ጸረ አብዮት ይሉታል፤ በዚያ ቃል የሄደ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

«አትፍራ» አለኝ። «የኔን ልጅ፣ ማዘንጊያን ጣልልኝ። ሰው እንዳያማኝ ስሙን አንደኛ ላይ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሰው እያየው ከወደቀ ግን ማን ምን ይለኛል? እሱም እንዳያውቅ፤ አፉ አያርፍም። አንተ ይህን አድርግልኝ፣ እኔ የሃሺን ስም አልጽፈውም።»

«ማልልኝ።»

ግራ ቀኙን አየና «ማርያምን!» አለ በሹክሹክታ።

ካድሬ በማርያም ሲምል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ አመንኩት። ቤት ገብቼ ለቱሪያ ስነግራት ሳህኑን ከፊቴ አነሳች።

ፍሬኑን ላጥብቅልህ ብዬ ሳይክሉን ከማዘንጊያ ተቀበልኩና ሹካውን እንደለመድኩት አንገቱ ሥር ቆረጥኩ። ልጁ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ፣ ወጣ። ምቱን ሁሉ ሞላው ዋጠው። እየሳቀ ወደኔ ተመለሰ።

«ጋሽ ሊበን፣ ወላሂ ምንም አይሰማም! አልጋ ላይ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ!»

በማግስቱ አባቱ መጣ። «የዘማቾቹ የሐኪም ምርመራ ሳምንት ቀርቶታል» አለኝ። «የኔ ልጅ ሲሆን ነው እጅህ የሚለግመው?»

እንደዚያ ያለ ሹካ ከፍቼ አላውቅም ነበር። ጎማ ልሙላልህ ብዬ ሳይክሉን እንደገና ተቀበልኩና ፈታሁት። በየእግሩ ውስጥ ግራሶ የጠጣ፣ ስንዝር የሚያህል ሞላ ተቀምጧል። ሁለቱንም አወጣሁና በምትካቸው የደረቀ ሸንኮራ አገዳ በልኩ ቆርጬ ከተትኩ። ደረቅ አገዳ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሰው ይሸከማል፤ ሲመታ ይፈረካከሳል። ይህን ሳገኝ በራሴ ኮርቼ ብቻዬን ስቄያለሁ፤ አይ ሊበን!

ማዘንጊያ ጠዋት ወደቀ። ሹካው ጎድጓዳው ውስጥ ሲገባ እጥፍጥፍ አለ፤ ልጁ በመሪው ላይ ተወነጨፈ። ግራ አንጓው ተሰበረ። ሁለት የፊት ጥርሶቹም ረገፉ።

«ጥርስ አልተነጋገርንም» አለኝ ሣህሉ። ንዴቱ ከልቡ ነበር። የተጣመመውን ሹካ እግሬ ሥር ወረወረው። «እንደ አዲስ አድርገህ መልስልኝ። ልጁ ሲድን ይነዳዋል።»

ሁለት ቀን ሙሉ በሱ ላይ ተደፋሁ። እግሮቹን ከሰል ላይ አግዬ በሞርሳ አቃናሁ። የቆረጥኩትን አስበየድኩ፣ ብየዳውን ሞርጄ አለሰለስኩ። ሞላዎቹን በነጭ ጋዝ አጠብኩ። ለማንም ሳይክል እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም፤ የሃሺን ሕይወት የምጠግን ነበር የሚመስለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። የማዘንጊያ ስም ተሰርዞ በላዩ ላይ ሃሺ ሊበን ተጽፏል። ሣህሉ ቢሮ የገባሁት እጄን እንኳ ሳልታጠብ ነው።

«ማርያምን ብለህ ምለህልኛል!»

«ለማን ትነግራለህ?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ኮታው አሥራ ሁለት ነው። አንዱን አንተ ሰበርክ። በማን ልሙላው?»

«በማንም! በኔ ልጅ ነው እንዴ?»

«በማንም?» አለና ሳቀ። «የሃዎ ልጅ ሲወድቅ በማን የተተካ ይመስልሃል? በፋዱማ ልጅ ነው። በሽሬ።»

ያንን ልጅ፣ ሽሬን፣ አውቀው ነበር። መርዶው ባለፈው ዓመት መጥቷል። ለቅሶ ሄጄ ፋዱማን በርቺ፣ አላህ ያጽናሽ ብያታለሁ፤ እሷም እጄን ይዛ አልቅሳለች። አራት ልጅ አዳንኩ ብዬ ስኮራ አራት ልጅ ልኬያለሁ። ሣህሉ ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ለማሰብ አልፈለግሁም።

«ምርመራው ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው» አለኝ። «ሹካውን ጨረስክ?»

ማታ ቤት ገብቼ ለቱሪያ ነገርኳት። ሃሺ ራሱ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አባ፣ ጣለኝ» አለኝ። «እንደነሱ።»

ለመጣል ጊዜ አልነበረም። ሲነጋ ሱቁን ከፈትን። የማዘንጊያ ሹካ ተጠግኖ፣ ተወልውሎ ሞርሳው ላይ ታስሮ ቆሟል። ሁለቱ እግሮቹ መሀል ክንድ ይገባል። ሃሺ ሳልነግረው ገባው፤ እጅጌውን ጠቀለለ።

«የትኛውን?»

«ግራህን።»

«ቶሎ አድርገው» አለና የሸሚዙን ኮሌታ ነከሰ።

ክንዱን በሁለቱ ብረቶች መሀል አሾለኩና በሰውነቴ ሁሉ ተጫንኩበት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ጥሩ ብረት ነበር፣ እኔም አጠንክሬ አስበይጄዋለሁ። እንደገና ተጫንኩ። ድምፁን አልነግራችሁም። አንጓው ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ነው የተሰበረው፣ ሁለቱም አጥንቶች፤ ክንዱ አጉል ቦታ ላይ ታጠፈ። ሙያዬ ያን ቀን ጥሎኝ ሄደ። ሃሺ አልጮኸም። ኮሌታው ግን ተቀዶ አፉ ውስጥ ቀረ። በሁለት ካርቶንና በቱሪያ ሻሽ አሰርኩለትና እየደገፍኩ ይዤው ሄድኩ።

ቀበሌው ግቢ ውስጥ አንድ ሻምበል ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። ሐኪሙ አጠገቡ ቆሟል፤ ሣህሉ ወረቀት ያቀብላል።

«ምን ሆነ?» አለ ሻምበሉ።

«ሳይክል ጣለው፣ ጓድ ሻምበል» አልኩ።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቀ። «በዚህ ወር ከሳይክል የወደቀ ስምንተኛዬ ነው። የድሬ ልጅ ሳይክል መንዳት ረሳ እንዴ?» ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ስማ፣ ምጽዋ ከተያዘች ወዲህ ስብራት ብለን የምናስቀረው የለም። መንገድ ላይ ይድናል። ጻፈው» አለው ሐኪሙን።

ሐኪሙ ሻሹን ፈቶ አላየውም። ሃሺ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ከዚህ በላይ አልናገረውም።

«የሊቀመንበሩም ልጅ ተሰብሯል!» ብዬ ጮህኩ። «ማዘንጊያ ቤቱ ነው ያለው! በረንዳ ላይ ተቀምጧል!»

ሻምበሉ ወደ ሣህሉ ዞረ። ሣህሉ አንድ ወረቀት አቀበለው፤ ማኅተም አለበት።

«እሱ የፊት ጥርስ የለውም» አለ ሻምበሉ አንብቦ። «ኮቾሮ በምን ያኝካል?»

ሐኪሙ ሳቀ፣ ጥበቃዎቹ ሳቁ፣ ሣህሉም ሳቀ። ያቺ ኮቾሮ የሚሏት ደረቅ የወታደር ብስኩት ናት የሁለቱ ልጆች ልዩነት፤ የኔ እጅ ስቶ ያረገፋቸው ሁለት ጥርሶች።

አሥራ ሁለቱን ኡራል የወታደር ጭነት መኪና ላይ ጫኗቸው። ሃሺ በአንድ እጁ መውጣት ስላቃተው ሁለት ልጆች ብብቱን ይዘው ሳቡት። ሲስቡት የጮኸው ጩኸት ሱቅ ውስጥ ያልጮኸው ነበር። መቀመጫ አልነበረውም፤ ከኋላ ቆሞ የመኪናውን ብረት በቀኝ እጁ ያዘ።

መኪናው ተነሳ። ቱሪያ እጇን አወዛወዘችለት፣ እኔም አወዛወዝኩ። ሃሺ አየን። ቀኙን ቢለቅ ይወድቃል። ግራውን ሊያነሳ ሞከረና ፊቱ ተጨማደደ። ከዚያ ተወው።