አሥራ ሁለት ሚሊሜትር

የሕፃኑ የራስ ቅል በሲቲ ስካኑ ኮምፒውተር ላይ ሲዞር እናትየው ወደ ምስሉ ተጠጋች። የቅሉ አጥንቶች ያለጊዜያቸው ተጋጥመው ከሆነ ቀዶ ጥገና አይቀርም ተብላለች። ሐኪሙ ቅሉን በሰያፍ፣ ከግንባሩ ጥግ እስከ ተቃራኒው የኋላ ጥግ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለካ፤ እኩል መሆን ሲገባቸው አንዱ ከሌላው በአሥራ ሁለት ሚሊሜትር አነሰ።

«አይዞሽ፣ መጋጠሚያዎቹ ክፍት ናቸው» አላት። «ሁሌ ወደ ቀኝ ዞሮ እየተኛ ነው የተጠፈጠፈው። ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ እያዞርሽ አስተኚው።»

እፎይ ከማለቷ አማቷ ትዝ አሏት። ሦስት ወር ሙሉ «ጭንቅላቱን አዙሪለት» ሲሏት «ልጄን እኔ አውቃለሁ!» እያለች ኩም አድርጋቸዋለች። አሁን ከበሩ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጇን አቅፋ ወጣች።

«ምን አሉሽ?»

«እርስዎ ያሉትን» አለች አቀርቅራ።

«ለካስ» አሉ አማቷ፣ ልጁን ከእቅፏ እየነጠቁ፣ «እኔ የጎደለኝ መሣሪያው ነው!»