ከመድኃኒት የማትቆጠረው ክኒን

ባሌ ዴልመር በዚያ የበረዶ ወራት ለሆዱ ያልከለከለው ነገር ቢኖር አየር ብቻ ነበር። መጀመሪያ በቆሎ ተከለከለ። ከዚያ ጥቅል ጎመን፣ ከዚያ ባቄላ፣ ከዚያ ወተት። የገና በዓል እንዳለፈ ደግሞ በሞቃቱ ወራት ከወንዙ ዳር የለቀምኩት ቤሪ የሚባለው የዱር ፍሬ ተራው ደረሰ። እሱን ሊጥ ውስጥ ሞልቼ ፓይ ጋግሬ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጥለት ዴልመር እባብ እንዳየ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ዘር አለው» አለኝ።

«አርባ ዓመት ስትበላው ዘር አልነበረውም?»

«ያኔ አንጀት ነበረኝ፣ ዶሪን። አሁን ያለኝ ቁስል ነው።»

እውነቱን ነው። ትልቁ አንጀቱ ይቆስላል፤ ሐኪሞቹ ኮላይትስ ይሉታል። አንዳንድ ጊዜ ዓመት ሁለት ዓመት ተኝቶ ይከርምና እንደተረሳ እንግዳ ብድግ ይላል። የተነሣ ቀን ባሌ መጸዳጃ ቤቱን ያገባል፤ እኔ ሁለተኛ ሚስት እሆናለሁ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታግሦ ያሳልፈው ነበር። ያን ዓመት ግን ጊዜ አልነበረውም። በእኛ ከተማ በስፕሩስ ቤንድ ወንዶች ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በከርሊንግ ነው። ከባዱን ድንጋይ በበረዶው ወለል ላይ ገፋ ያደርጉታል፣ ጓደኞቻቸው ፊት ፊቱን በመጥረጊያ እየፈተጉ ይሮጣሉ፣ ድንጋዩ ክቡ ውስጥ ከገባ ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል። ዴልመር፣ ኦረስት፣ ላይልና ክሊፍ ሠላሳ ዓመት አንድ ቡድን ናቸው። በረዶው ሲቀልጥ ኦረስት ቤቱን ሸጦ ልጁ ዘንድ፣ ባሕሩ ዳር፣ ቪክቶሪያ ከተማ ሊገባ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው የሽማግሌዎች ውድድር የመጨረሻቸው ነው። አንዱ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ዴልመር ደግሞ በዚያ ሰሞን ከመጸዳጃ ቤት ሩብ ሰዓት መራቅ አይችልም።

«ከኦረስት ጋር ያቺን ጨዋታ ልቁም እንጂ ከዚያ በኋላ አንጀቴ የፈለገውን ያድርግ» ይላል።

ታዲያ ሐኪም ጋ ደውል ስለው አይደውልም። ስልኩን የምታነሣው ጸሐፊ የክሊፍ የእህት ልጅ ናት፤ እሷን ስለ ሰገራ ከማናገር ሞት ይሻለዋል። ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን እየዋጠ፣ የቀረውን ያለ ማዘዣ ከሚሸጠው መደርደሪያ ልጨርስ አለ። አብሬው ፋርማሲ ሄድኩ። ቅርጫቱን እንደ ቀብር ድግስ ሞላው፦ የተቅማጥ ማቆሚያ፣ የጋዝ ማጥፊያ፣ የፋይበር ዱቄት፣ ደጋግ ባክቴሪያ አለበት የሚባል እንክብል። ፋርማሲስቷ ማሪቴስ ወጣት ናት፤ ማክሰኞ ማታ ከሴቶቹ ጋር ከርሊንግ ትጫወታለች። ቅርጫቱን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አቶ ዴልመር፣ ይሄ ሁሉ ለእርስዎ ነው?»

«ለጎረቤቴ ነው።»

«ጎረቤትዎ ደም ያያል?»

ዴልመር ጣሪያውን አየ። «ትንሽ ትንሽ ያያል፣ ጎረቤቴ።»

«እንግዲያው ይቺን ማቆሚያ አልሸጥለትም። አንጀቱ እንዲህ በቆሰለበት ሰዓት በግድ ቢዘጋ ሊነፋና ትልቅ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሙ ውሰድ ካላለው አይነካትም። ትኩሳት አለው? ሆዱ ተነፍቷል?»

«የለውም። አልተነፋም።»

«ጥሩ። ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይደውል። ትኩሳት ከመጣ፣ ሕመሙ ከጠና ወይም ደሙ ከበዛ ግን ስልክም አያስፈልገው፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? እዚህ እኛ ጋ ያለ ማዘዣ የሚገዛውም ቢሆን ይንገረኝ።»

«ምንም» አለ ዴልመር።

«ምንም» አልኩ እኔም ከጎኑ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሁለታችንም ከልባችን ነበር።

ቤት እንደገባን እኔው ደወልኩ። ዴልመር ኮሪደር ላይ ቆሞ እንደ ሌባ ያዳምጣል። ሐኪሙ ምርመራ አዘዘ፣ የራሱን ክኒን መጠን ከፍ አደረገለት፣ እስኪሻለው ለስላሳ ለስላሳውን ይብላ አለ። እኔም ነጭ ሩዝ፣ የተላጠ ድንች፣ ሙዝ፣ የተፈጨ የፖም ቅቅል፣ ዶሮ ያለ ቆዳዋ አቀርባለሁ። በልቶም ይሻለዋል። ሰኞ ሰው ይመስላል። ማክሰኞ ልምምድ ይሄዳል፤ ረቡዕ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ዓርብ እንደገና ሰው ይመስላል። ቅዳሜ ይጫወታል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ብቻዬን ነው።

«የከርሊንግ ክበቡ ሾርባ ነው» አለ ዴልመር። ሾርባውን የምሠራው እኔ ነኝ። እሺ አልኩት። ሾርባ መብላቱን ተወ፤ ያው ሆነ። «እንግዲያው ብርዱ ነው» ብሎ ሁለት ሱሪ ደርቦ ገባ። ያው ሆነ። በመጨረሻ ሩዙን በቴርሞስ ይዞ መሄድ ጀመረ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሲከፍተው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ላይል አየው።

«ምነው ዴልመር፣ ጥርስህ ሊበቅል ነው እንዴ? ዶሪን፣ ጡጦውን ረሳሽው!»

«ዝም በል አንተ፣ ያንተ ጥርስ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ አይደል የሚያድረው» አልኩት።

ዴልመር ሳቀ፤ ለምን ሩዝ እንደሚበላ ግን ትንፍሽ አላለም። የኛ ወንዶች እንዲህ ናቸው። እህሉ በበረዶ የተመታበትን ዓመት ይነግሩሃል፣ ሚስታቸውን የቀበሩበትን ቀን ይነግሩሃል። ከወገብ በታች ያለውን ግን ለሐኪምም የሚነግሩት በጎረቤት ስም ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የበረዶውን ወለል ከሚያሳየው መስታወት ጀርባ፣ ሙቁ ክፍል ውስጥ፣ ከክሊፍ ሚስት ከቬልማ ጋር ተቀምጬ ነበር። ቬልማ እንደ ልማዷ ስለ ልብስ ማጠቢያዋ ታማርራለች። «የክሊፍ ኪስ ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት ነው፤ ማሽኔን ደፈነው። ይሄ ሰውዬ ኖራ ይበላ ይሆን?» ማሪቴስም ሻይዋን ይዛ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ታች አራቱ ሽማግሌዎች ወደ በረዶው ሊገቡ ተሰልፈዋል። ኦረስት አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ብልቃጥ ከፍቶ መዳፉ ላይ አራገፈና ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ክኒን ሰጠ። ዴልመር ወደ አፉ ጣላቸው፣ ጎረሰ፣ ዋጠ።

«እሱ ምንድን ነው?» አለች ማሪቴስ።

«የቱ?»

«አሁን የዋጡት።»

«ኧረ እሱማ የጨዋታው ነው» አልኳት። «አይቡፕሮፌን ነው፣ ለጉልበታቸው። ሁለት ከመግባታቸው በፊት፣ ሁለት ሲወጡ። አሸንፈው የታጨሰ የአሳማ ሥጋ የተሸለሙበት ዓመት ኦረስት ሰጥቷቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ሳይሰጣቸው ገብተው አያውቁም።»

ማሪቴስ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ወይዘሮ ዶሪን፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ጠይቄያችሁ አልነበረም?»

«ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ? ይሄ እንደ ጫማው ነው!»

ከአፌ ሲወጣ ራሴው ሰማሁት። ፓዬን በዘሩ ከሰሰው፣ ሾርባዬን ከሰሰው፣ ብርዱን ከሰሰው። ጥፋተኛዋ ክኒን ግን በሳምንት ሁለቴ በወዳጅ መዳፍ ላይ ሆና እየቀረበች ትዋጣለች። ማሪቴስ በርጋታ አስረዳችኝ፦ እንዲህ ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች ኮላይትስ ባለበት ሰው ሁሉ ላይ ባይሆንም በአንዳንዱ ላይ ሕመሙን ያስነሡታል፣ ቁስሉ ከተነሣ ደግሞ ያባብሱታል። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይሻለዋል፣ እሱም በልኩ፤ ለሐኪሙም ይነገረው አለችኝ።

ለዴልመር ማታውኑ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን ጭልም አለ።

«ከኦረስት እጅ እንቢ ልበል?»

«ፓይ እንቢ ብለህ የለም እንዴ? ያውም የኔን!»

«ያ ፓይ ነው። ይሄ ኦረስት ነው። ሠላሳ ዓመት ከመዳፉ ወስጄ በስንብቱ ቀን እጁን ልመልስ? ለምን ሲለኝስ ምን እላለሁ?»

«አንጀቴ ይደማል ትላለህ።»

«ለኦረስት?!» አለ፤ ልብስህን አውልቅ ያልኩት ይመስል።

ሰኞ ለሐኪሙ ደውዬ ተናገርኩ፤ ክኒኗን ይተዋት ብሎ ቆረጠ። ከልምምዱም ብርድ ይዞኛል ብሎ ቀረ። እስከ ውድድሩ የነበሩትን ሁለት ሳምንታት ማስታገሻዋን አልነካም። ጉልበቱ ጠዘጠዘው፣ ሙቅ ፎጣ አሰርኩለት፣ ፓራሲታሞሉን እንደታዘዘው ወሰደ። ሆዱም ቀስ በቀስ ረገበ። ዳነ አልልም፤ ረገበ። ደሙም ቆመ። ዴልመር ግን በሽታውን ትቶ ሌላ ሥራ ላይ ነበር፦ ወጥ ቤት ቆሞ የደረቀ አተር ወደ አፉ የወረወረ ይመስልና፣ እንደዋጠ ሆኖ በጣቶቹ መካከል አሳልፎ እጅጌው ውስጥ ይሰውረዋል፤ ኦረስት ፊት ክኒኗን የዋጠ ሊመስል ነው። ያ ሰውዬ፣ በሰባ አንድ ዓመቱ፣ ምትሃት ሊማር! ወለሉ ሁሉ አተር ሆነ።

«እውነቱን መናገር ይቀልሃል» ብለው፣

«ሦስቱን ያዝኳቸው፣ አየሽ?» ይለኛል።

የውድድሩ ቀን መጣ። ከተማው በሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ ነው። እኔ ግን የመጥረጊያውን ጓንት ረስቷል ብዬ ወደ ታች ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ኦረስት አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ብልቃጡን ከፍቶ መዳፉን ዘረጋ። ላይል ወሰደ። ክሊፍ ወሰደ። ዴልመርም ወሰደና እንደተለማመደው ወደ አፉ ወረወረ። ክኒኖቹ አተር አይደሉም። አንዷ አፍንጫውን መትታ ወደቀች፣ ሌላይቱ ከእጅጌው ሾልካ በወለሉ ላይ ተንከባለለች፣ ተንከባለለችና ኦረስት ጫማ ሥር ቆመች። እንዲህ ያለ ድንጋይ ዓመቱን ሙሉ ወርውሮ አያውቅም።

ኦረስት ክኒኗን አየ፣ ዴልመርን አየ። «አልፈለግካትም?» አለ በቀስታ።

ዴልመር ጆሮው እንደ ቀይ ሥር ቀላ። «አንጀቴ ይደማል፣ ኦረስት» አለ። «ኮላይትስ ነው። ስንት ዓመቱ ነው። ይቺ ክኒን ታስነሣብኛለች። ሩዙንም የምበላው ለዚህ ነው። እንቢ ማለት አልቻልኩም፣ ካንተ እጅ ነዋ።»

ላይል እጁን ኪሱ ከትቶ ሁለቱን ክኒኖች አወጣ። «እኔም ኩላሊቴን ከታመምኩ ጀምሮ ተከልክያለሁ። ኪሴ ነው የምከታት።»

ሁሉም ወደ ክሊፍ ዞሩ። ክሊፍ የሱሪ ኪሱን ገለበጠው፤ ነጭ ዱቄት ቦነነ። «ጨጓራዬ» አለ። «ቬልማ እንዳትሰማ።»

ኦረስት ብልቃጡን አየ፣ እነሱን አየ። «ቆይ እስቲ» አለ። «እኔ ልቤን ከታከምኩ ወዲህ ዶክተሩ እንዳትቀምሳት ብሎኛል። የምገዛው እናንተ ትወዷታላችሁ ብዬ ነው! በረዶ እየረገጥኩ፣ በየወሩ!»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ማን ነው የሚውጣት?» አለ ላይል።

ዴልመር እጁን አወጣ፤ እንደ ተማሪ። «እኔ።»

እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ኦረስት ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ፤ የሳቁ ይሁን የስንብቱ እኔ አላውቅም።

ጨዋታው መሀል ላይ ዴልመር እጁን አንሥቶ ወደ በሩ አመለከተ። በፊት ቢሆን እዚያው ቆሞ ይሞት ነበር። ኦረስት አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸ፦ «ይጠበቅ! የዴልመር አንጀት ስብሰባ ጠርቷል!» ተጋጣሚዎቹም መጥረጊያቸውን ተደግፈው ጠበቁ፤ አንዱማ «አይቸኩል፣ እኔም ከሱ ቀጥዬ ነኝ» አለ። ተመልሶ መጣና ከኦረስት ጎን ቆሞ እስከ መጨረሻው ድንጋይ ተጫወተ።

ተሸነፉ። በደንብ አድርገው ተሸነፉ። በእኛ አገር ያሸነፈ የተሸነፈውን ይጋብዛልና፣ አሸናፊው ምን ልቅዳላችሁ ቢል ዴልመር ቀጭን ሻይ አለ፤ ሦስቱም ቀጭን ሻይ አሉ። ሻምፒዮኖቹ እንዲህ ያለ ርካሽ ቡድን ገጥሞን አያውቅም ብለው ሄዱ።

አሁን ኦረስት ባሕሩ ዳር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልክ ምሳ ስናቀርብ ይደውላል። ሠላሳ ዓመት ስለ አየርና ስለ ድንጋይ ብቻ ያወሩ ሰዎች አሁን የመጀመሪያ ቃላቸው «አንጀትህ እንዴት ነው?» ነው። ዴልመር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና መልኩን፣ ብዛቱን፣ ሰዓቱን ምንም ሳይተው ይነግረዋል። ያን ሁሉ ወራት ተናገር፣ ተናገር ያልኩት እኔ ነኝ። እኔም የድንች ሳህኔን ይዤ ሳሎን እሄዳለሁ።