ፒላድዚስን ያስመዘገቡት ሽማግሌ

የጸጥታው ሰው ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገብቶ ሚርድዛ ፊት ቆመ። በሪጋው የመዝገበ ቃላት ክፍል እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ወዲያው ሥራ ይበዛበታል።

«ጓድ ሚርድዛ፣ ከባሕሩ ጠረፍ የሰበሰብሻቸውን ካርዶች አዘጋጂ። ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።»

በሩ እንደተዘጋ ካርድ ቁጥር አርባ አንድን መዘዘች። «ፒላድዚስ፤ ቀይ ፍሬ ያለው ዛፍ፣ ክፉ እንዳይገባ ቅርንጫፉ ከበረት በር ላይ የሚሰቀል። ተባዕታይ ፆታ። አገናዛቢው፦ ፒላድጃ። ከጠረፉ ነባር ሕዝብ፣ ከሊቮች ቋንቋ የመጣ። ተናጋሪ፦ ኢንድሪኪስ፣ ዓሣ አጥማጅ።» እስከዚህ ክፋት የለውም። ከሥር ግን ሽማግሌው የተናገሩት ቃል በቃል ሰፍሯል፦ «ወታደሮቹ ጀልባዬን ካቃጠሉት ወዲህ የምበላው የፒላድጃ ፍሬ ነው።»

ምን ዓይነት ጅል ነኝ! አለች በሆዷ። ያን ቀን ጆሮዋ የሰማው «ፒላድጃ» የሚለውን የቃሉን አጨራረስ ብቻ ነበር። አገናዛቢውን አገኘሁት ብላ ጮቤ እየረገጠች ጻፈችው፤ ሰውየውን ሳይቤሪያ የሚያስልክ መሆኑ አልታያትም። እሳቸውም ፊታቸው በርቶ፣ «ስሜንም ጻፊው ልጄ። ልጆቼን ባሕር አስቀራቸው፤ እኔን የሚያነሳ ሌላ የለም» ብለዋት ነበር።

ካርዱን ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ቁጥሩ እንዳይጎድል ሌላ ጻፈች። ተናጋሪውን ሟች አባቷን አደረገች፤ ዓረፍተ ነገሩንም «የፒላድጃ ፍሬ ይመራል» አለችው። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ሰውየው ተመለሰ።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። አርባ አንድ ላይ ትንሽ ቆየ። ጨርሶ ሲያበቃ ከኪሱ የተከፈተ ፖስታ አወጣ።

«ኢንድሪኪስ የሚባል ሰው ጽፎልሻል። ‹ቃሌ መጽሐፉ ውስጥ ገባ ወይ?› ይላል። እዚህ ግን ስሙ የለም። ምን ነግሮሽ ነው?»

ካርዶቹን መሰብሰብ ጀመረች። «እሳቸው? አርጅተዋል፣ ይዘባርቃሉ። የሚረባ ነገር ስላጣሁባቸው ተውኳቸው።»

«እንግዲያው መልሺለታ! ምስኪን፣ ደጅ ደጁን እያየ ይሆናል።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እዚሁ ጻፊው፤ ፖስታ ቤት እኔ አደርስልሻለሁ።»

ሚርድዛ ብዕሯን አነሳች። ማልቀስ አማራት፤ እንባዋን ግን ይህ ሰው እንዲያየው አልፈለገችም። ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ ጻፈች፦

«አባባ ኢንድሪኪስ፣ የነገሩኝ ቃል ለመጽሐፉ አልሆነም። ስምዎንም አልመዘገብኩትም። ደግመው አይጻፉልኝ።»