የተማሪ ቤቱ የተቃጠለበት ክረምት

ወለተ ሚካኤልን የቅኔ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት በውሻዋ ነበር። ይጁቤ አቅራቢያ ካለችው ደብር ጓሮ ተማሪዎች የሚያድሩበት ሰፊ የሣር ቤት ነበረ፤ ማን እንደሠራው የሚያስታውስ ሽማግሌ እንኳ አልተገኘም። ከዚያ እየወጡ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ሌላው ቁራሽ ይሰጣቸዋል፤ እሷ ግን ውሻዋን ትለቅባቸዋለች። ክፉ ሆና አይደለም። አንድ ልጇ ለትምህርት ብሎ ወጥቶ በሰው አገር በተስቦ ከሞተ ወዲህ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ ወጣት ባየች ቁጥር የሞተው ልጇ ይታያታል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ ዘመን፣ ከምሽጉ የወጣ ጦር «አርበኛ አሳድራችኋል» ብሎ ያን ቤት በጠራራ ፀሐይ ለኮሰው። ተማሪዎቹ ወደ ገደሉ ሮጠው ተረፉ። መንደርተኛው ውሃ ተሸክሞ ሲደርስ የቀረው የከሰለ ምሰሶ ብቻ ነበር። መምህሩ የኔታ ወልደ ሰንበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣

«በሉ ልጆቼ፣ ወደየአገራችሁ ግቡ። ማደሪያ የለኝም» አሉ።

ወለተ ሚካኤል እንስራዋን አወረደች። «የት ይሂዱ የኔታ? ክረምት ገባ እኮ። እኔ ቤት ይግቡ።»

ባቱ ላይ የንክሻ ጠባሳ ያለበት አንሙት የሚባል ተማሪ፣ ቀስ ብሎ «ውሻውስ፣ እናቴ?» አላት።

«አስረዋለሁ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ልቅሶ ዞረባት።

ክረምቱን መደቡም ቆጡም ተማሪ ሞላው። ጤፏን አረሙላት፣ እንጨት ፈለጡላት። አንድ ቀን ቆሎ እየቆላች የልጇን ስም ነገረቻቸው፤ ታረቀኝ ይባል ነበር። ከሞተ ጀምሮ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በሳምንቱ እሑድ አንሙት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዚያ ስም ቅኔ ተቀኘ። ግዕዙ ስላልገባት፣ ሲወጡ ነጠላውን ይዛ «ምን አልክ?» አለችው።

«ሰሙ የልጅዎ ስም ነው። ወርቁ ግን እርስዎ ‹እግዜር ታረቀኝ› ሲሉ ነው።»

ነጠላውን ሳትለቅ ብዙ ቆመች።

ኅዳር ላይ ሣር ሲታጨድ መንደሩ ተሰብስቦ አዲስ ቤት ሠራ። ግድግዳው ሊማገር ሲል የኔታ ወደ እሷ ዞረው፣

«በሩ በየት በኩል ይሁን፣ ልጄ?» አሏት።

«ወደ እኔ ደጅ» አለች፣ አፍራ።

እንዳለችውም በዚያው በኩል አወጡት።