ጭረት የሌለባት ሙርሲታህ

ዳርሶኖ በባቲክ ጨርቅ የተጠቀለሉትን የሙዚቃ ሸክላዎች ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ ከሞተረኛው ጀርባ ተፈናጦ መንገዱን የሞላውን የባሕር ውኃ እየሰነጠቀ አለፈ። በወደብ ከተማዋ በስማራንግ ባሕሩ ሳይጠራ ሰፈር መግባቱ ብርቅ አይደለም፤ እንደ ዘመድ ይመጣል፣ እንደ ዘመድም ቶሎ አይሄድም። ጫማው ቢሰምጥ፣ ሞተሩ ቢሰምጥ፣ ሞተረኛው ራሱ ቢሰምጥ እንኳ ጥቅሉ እስከ ደረቀ ድረስ ለዳርሶኖ ዓለም ደህና ነበረች።

«አባት፣ ሕፃን ነው እንዴ የታቀፉት?» አለ ሞተረኛው።

«ሕፃን እንደገና ይወለዳል። ይኼ ሁለተኛ አይወለድም። ጉድጓዱን ዙር!»

ሦስት ጓደኛሞች ናቸው፤ ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ዊራትሞ፣ ሰዓት ጠጋኙ ኮህ ቤንግ፣ እና ዳርሶኖ። ፀጉራቸው ጥቁር ሳለ ጀምሮ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ በወሩ የገዛውን አልበም ሸፍኖ ያመጣል፤ በየተራ ገልጦ አንዱን ገጽ ያሰማል፤ የቀሩት ያደንቃሉ፣ ወይም በቅናት ይሳደባሉ። «አደን» ይሉታል። የአደኑ ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ የት አገኘኸው ተብሎ አይጠየቅም። የወንድን ደመወዝና የሴትን ዕድሜ መጠየቅ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ጨዋነት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ይህች ጥያቄ ከአንዳቸውም አፍ ወጥታ አታውቅም።

የዛሬው አደን ዊራትሞ ቤት ነው። የስኳር በሽታው መጀመሪያ እግሩን ወሰደ፣ ከዚያ ወደ ዓይኑ ዞረ፤ ከወራት በኋላ ከሆስፒታል የወጣው ትናንት ነው። እንደገባ ስልክ አስደውሎ ለዳርሶኖ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ነገ ሙርሲታህን አብረን እንሰማለን።»

ሙርሲታህ ባንድ ወቅት በወደቡ የምሽት ቤቶች ትዘፍን የነበረች ሴት ናት። «የአጥማጆች መብራት» የተባለ አንድ አልበም አሳትማ ጠፋች። አልበሙ በዳርሶኖም በዊራትሞም ዘንድ አለ። የዳርሶኖ ከጃካርታ እስከ ባሊ ከተረፉት ሁሉ ንጹሑ ነው፤ ዝንብ እንኳ አላረፈችበትም፣ እንደ ባለቤቱ አፍ ከሆነ። በዊራትሞው ላይ ግን ልጁ ባጋስ በአራት ዓመቱ የቆርቆሮ አውቶቡሱን ነድቶበታል። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ሙርሲታህ «ተመለስ» ብላ ድምጿን ስታነሣ፣ መርፌው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል።

«ሴትዮዋን ስቅታ ይዟታል፤ ውኃ ስጧት!» ይላል ዳርሶኖ ሁልጊዜ።

«ያንተዋ አስከሬን ናት፤ ታጥባ ተገንዛለች። የኔዋ ትተነፍሳለች» ይመልሳል ዊራትሞ።

ይህን ጠብ ለማደስ ብሎ ዳርሶኖ ዛሬ የራሱን ንጹሕ ቅጂ ከአደኑ ጋር ጠቅልሎ መጥቷል። ጓደኛው ይሥቅ ዘንድ። አደኑን ግን የሚያሳየው ሊያስለቅሰው ነበር። ሐሙስ ዕለት ከአሮጌው ገበያ ኋላ፣ መሬት ላይ ከተዘረገፉ ካርቶኖች ውስጥ፣ ዕድሜ ልኩን በዊራትሞ የቀናበትን ዓይነት ሸክላ አግኝቷል። አንዱን ሳይሆን እቅፍ ሙሉ። ሙርሲታህም ነበረች፤ ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ጭረቷን ሲያይ ከት ብሎ ሥቆ ወደ ካርቶኑ መለሳት።

«የሚቀረውንስ ምን ታደርገዋለህ?» ብሎ ነበር ነጋዴውን።

«ሰውዬ አለ፣ እሳት እያሳየ ያጥፈዋል። የአበባ ሳህን ይወጣዋል።»

ከየሽፋኑ ሥር ሦስት አራት ፍሬ ቅርንፉድ ጭኑ ላይ ተንጠባጥቦ ነበር። አራግፎ ጣለው። ዊራትሞ ለብል መከላከያ ቅርንፉድ እንደሚጨምር ያውቃል፤ ግን በዚህ ከተማ ሲጋራውም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፣ አዲስ ነገር የለውም፣ ብሎ ለራሱ ነገረው። ለራሱ መንገር ለምን እንዳስፈለገው አልጠየቀም። ሕጉም አይፈቅድም።

የዊራትሞ ሚስት ላስትሪ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ኮህ ቤንግ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ያመጣውን ሉምፒያ፣ አትክልት የተጠቀለለበት ጥብስ፣ ሳይፈታ ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ አንገቱን ደፍቷል።

«ማስ ዳር፣ ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች፣ ለወንድ አክብሮት የሚባለውን «ማስ» አስቀድማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መደርደሪያው ባዶ ነው።»

«የትኛው መደርደሪያ?»

«ቀዶ ጥገናው ካልተደረገ ዓይኑ አይተርፍም አሉን። ባጋስ ሰው ጠራ። በጭነት መኪና ሁሉንም ወሰዱት፤ እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩላቸው።»

«ዓይኑስ?»

በነጠላ ጫማዋ የበረንዳውን ውኃ ገፋ አደረገችው። «ዓይኑን ላድን ብዬ ጆሮውን ሸጥኩት፣ ማስ። ዓይኑም አልዳነ። አያይም፤ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፣ ሁሉም እንዳለ ነው የሚመስለው። ዛሬን ብቻ አሳልፉልኝ። ነገ እኔው እነግረዋለሁ።»

ዳርሶኖ ክንዶቹ ላይ ያለው ጥቅል መርከብ አከለበት። ኮህ ቤንግ ቀና አለ፤ አፍንጫው ተነፋ፤ ዓይኑ ከባቲኩ ጨርቅ ላይ አረፈ። ሕይወቱን ሙሉ የሌላ ሰው ሰዓት ውስጥ አጉልቶ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ያየውን ሁሉ ግን አይናገርም። ሉምፒያውን አንሥቶ ቀድሟቸው ገባ።

ዊራትሞ የቀርከሃ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ያገለደመው ሳሮንግ ከአንደኛው ጉልበቱ በታች ባዶውን ተንጠልጥሏል። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ማን ነው? ከሰውነቱ በፊት ድምፁ የሚደርሰው ሰውዬ አልመጣም እንዴ?»

«መጥቻለሁ፣ ማስ።»

«ምነው አነስክ? የታመምኩት እኔ!» ሣቀ፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ። «ላስትሪ፣ መጋረጃውን ከፈትሽው? ቅርንፉዴ ሸተተኝ። እዚያ ሆስፒታል ዕድሜዬን ሁሉ መድኃኒት ሲሸተኝ፣ ይኼን ነበር በሕልሜ የማሸተው።»

ላስትሪ የሻይ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች መልሳ አስቀመጠች።

ኮህ ቤንግ አደኑን አስቀደመ። ከሱራባያ የመጣ የዋሽንት አልበም ነበር፤ ስለ ሽፋኑ ሥዕል፣ ስለ ዋሽንተኛው ትንፋሽ፣ ስለማያስፈልገው ሁሉ አወራ። በጠቅላላ ዕድሜው ያን ያህል ቃል ተናግሮ አያውቅም። ዊራትሞ በጣቱ ምት እየጠበቀ ሰማ።

«ደግ ነው። ትንሽ አፍንጫው የታፈነ ነው እንጂ። በል ዳር፣ ያንተ ተራ። የምድር ሁሉ ንጉሥ ምን ገደለ?»

ዳርሶኖ ከመንገድ ጀምሮ የቀመራት ንግግር ነበረችው፤ «ዛሬ እንባችሁን የምትጠርጉበት ይዛችኋል?» ብላ የምትጀምር። አፉን ከፈተ።

«ምንም አላገኘሁም።»

«ምንም? አንተ? ኮህ ቤንግ፣ ግንባሩን ንካልኝ እስቲ፣ ትኩሳት አለው?»

ማንም አልሣቀም። ዊራትሞ ፈገግታውን ሰበሰበ። «እንግዲያው ሙርሲታህን አምጣልኝ። በግራ በኩል፣ ሁለተኛው ረድፍ። ራስህ አውጣት፤ ስድብህንም አስከትል።»

ዳርሶኖ ጥቅሉን ብብቱ ሥር ይዞ መጋረጃውን ገለጠና ገባ። ከወለል እስከ ጣሪያ ጣውላ ብቻ። ሸክላዎቹ ቆመውበት የነበረው ቦታ በአቧራው መሐል ጥርሱ እንደረገፈ ድድ ነጣ ነጣ ብሏል። በየጥጉ የቀረ ቅርንፉድ አለ። ከጨርቁ ውስጥ የራሱን ሙርሲታህ፣ ዝንብ ያላረፈባትን፣ መዝዞ አወጣ። ተመልሶ ማጫወቻው ላይ አስተኛትና መርፌውን አወረደ።

የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ። ሁለተኛውም። ዊራትሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላል። ሦስተኛው ሲጀምር ዳርሶኖ እስካሁን ያላሰበውን አሰበ። በዚህች ሸክላ ላይ ጭረት የለም። በኩራት የጠበቃት ንጽሕና አሁን ጎረቤት የሚጠራ ጩኸት ሆና ልትመጣ ነው። ሙርሲታህ ትንፋሿን ሳበች። ዳርሶኖ ጥፍሩን የማጫወቻው እንጨት ላይ አሳረፈ።

«ተመለስ…»

ቋ። ቋ። ቋ።

ልክ በቦታው። ሲያሾፍበት በኖረው ስቅታ ላይ አንዲት ቅንጣት አልተሳሳተም። ላስትሪ ዓይኗን ጨፈነች። ዘፈኑ ቀጠለ።

ዊራትሞ ግን ከንፈሩን ማንቀሳቀሱን አቁሟል። ዘፈኑ የሚወጣው ከመስኮቱ ሥር ካለው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ቋ ቋ የሚለው ግን የመጣው ከማጫወቻው ነው። የማያዩት ዓይኖች ከመስኮቱ ተነሥተው ቀስ ብለው ወደ ዳርሶኖ እጅ ዞሩ፣ እዚያው ቆሙ። ገጹ አለቀ። ሸክላው ከመርፌው ሥር ባዶውን መዞር ጀመረ።

«ዳር» አለ ዊራትሞ። «ቅርንፉዱ የሚሸተው ካንተ ነው።»

«ማስ…»

«የት አገኘኸው?»

ኮህ ቤንግ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ያን ሁሉ ዓመት ያልተጠየቀችው ጥያቄ ክፍሉ መሐል ቆመች፤ ወንበር የሚያቀርብላትም ጠፋ።  ዳርሶኖ ባቲኩን ፈትቶ ሸክላዎቹን የጓደኛው ጭን ላይ አስቀመጠ።

የዊራትሞ ጣቶች ጠርዞቹን ዳሰሱ፤ የተላጠውን ማዕዘን፣ በሙጫ የተያያዘውን ጀርባ። እያንዳንዱን ሲያውቀው ራሱን በትንሹ ይነቀንቅ ነበር። ላስትሪ ተንበርክካ የቀረውን እግሩን ይዛ «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ» ትላለች። እሱ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈ፤ በሌላኛው ግን መፈለጉን አላቆመም። ከላይ እስከ ታች ሄደ። እንደገና ከታች ወደ ላይ መጣ።

«እሷስ?» አለ።

ሸክላው ይዞራል። ዳርሶኖ የሐሙሱን ፀሐይ፣ የራሱን ሣቅ፣ ነጋዴው ያወራለትን ሰውዬ እሳት አየ።

«ዳር፣ እሷስ የት አለች?»